ደብዳቤው የተጻፈለት ሰው

ስፔን ውስጥ አንድ ሰው ለመንግሥት ድጋፍ አመልክቶ አንድ ወረቀት ቢጎድልበት ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ይደርሰዋል። የደብዳቤው ቃል የሚቀዳው እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 39፣ አንቀጽ 68 ነው። አንቀጹ ነገሩን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ይጨርሰዋል፦ ማመልከቻው የተጠየቀውን ያላሟላ እንደሆነ አመልካቹ በአስር ቀን ውስጥ ጉድለቱን እንዲያርም ወይም የሚያስፈልጉትን ሰነዶች እንዲያያይዝ ይጠየቃል፤ ይህን ባያደርግ ማመልከቻውን እንደተወ ተቆጥሮ ውሳኔ እንደሚሰጥበትም አብሮ ይገለጽለታል። ቢሮ ለቢሮ መመላለስ ለለመደ ሰው ይህ ምንም አይደለም። የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለበት ጎልማሳ፣ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ቃላት ለሚያመልጧቸው እናት፣ የመርሳት በሽታ ለጀማመራቸው አዛውንት ግን ዳገት ነው።

ይኸው ነገር እንዲህ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፦

«ማመልከቻዎ ላይ አንድ ወረቀት ይጎድላል።
ወረቀቱን ለማምጣት 10 የሥራ ቀናት አሉዎት።
ቅዳሜ፣ እሑድና በዓላት አይቆጠሩም።
ወረቀቱን ካላመጡ ይህን ማመልከቻ እንዘጋዋለን።»

የመጀመሪያውን የሚያነብ ሰው ማን ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ የጀመረውን ሐሳብ እስከ አራት ነጥቡ ድረስ ተሸክሞ መጓዝ አለበት። ሁለተኛው ሸክሙን በየመስመሩ ያወርድለታል። ስፔኖች ይህን አጻጻፍ «ሌክቱራ ፋሲል» ይሉታል፤ ቀላል ንባብ ማለት ነው። ጎላ ያለ ፊደል፣ ሰፊ ኅዳግ፣ ባንድ መስመር አንድ ሐሳብ፣ የታወቀ ቃል፤ ከባዱ ቃል የግድ ከሆነም እዚያው አጠገቡ ፍቺው። ልማዱ የስዊድኖች ነው። የመጀመሪያው የስዊድን ቀላል ንባብ መጽሐፍ የታተመው በ1968 ሲሆን፣ «ኦታ ሲዶር» የሚባለው፣ ትርጉሙ «ስምንት ገጽ» የሆነው ጋዜጣ ደግሞ ከ1984 ጀምሮ ዜናን በዚሁ መንገድ ያቀርባል። ስፔን ዘግይታ ብትጀምርም በ2018 ለቀላል ንባብ ብሔራዊ የደረጃ ሰነድ አውጥታለች፤ ቁጥሩ 153101 ነው።

ከዚያ ሰነድ ውስጥ አንዱ መስፈርት ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል። ጽሑፉ «ቀላል ንባብ» ከመባሉ በፊት የመረዳት ችግር ያለባቸው ሰዎች ራሳቸው አንብበው ሊመረምሩት ይገባል። ይህን የሚሠሩት ሰዎች በስፓኒሽ «ቫሊዳዶር» ይባላሉ፤ በአማርኛ አረጋጋጭ ቢባሉ ያስኬዳል። ዛሬ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ መሣሪያዎች በደቂቃ መቶ ገጽ እያቀለሉ ሲያቀርቡ፣ ለበጀት የሚጨነቅ ኃላፊ መጀመሪያ ሊያስቀረው የሚፈተነው የእነዚህን ሰዎች ሥራ ነው። ያ ከሆነ ትልቅ ስህተት ይሆናል። ማሽኑ ይምጣ፣ ይሥራ፤ አረጋጋጩን ግን ከወንበሩ ማስነሳት የለበትም።

ጉዳዩ የንባብ ምቾት ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አጥብቆ መከራከር ባላስፈለገ። ስፔን ባለፉት ዓመታት የአእምሮ ውስንነት ላለባቸው ዜጎቿ ብዙ በር ከፍታለች። በፍርድ ቤት ውሳኔ የመምረጥ መብታቸውን አጥተው የነበሩ 100,000 ያህል ሰዎች በ2018 መጨረሻ በወጣ ሕግ መብታቸው ተመልሶላቸው በ2019 ድምፅ ሰጥተዋል። በ2021 የፍትሐ ብሔር ሕጉ ተሻሽሎ፣ ሞግዚት ስለ ሰውየው እንዲወስን ከማድረግ ይልቅ ሰውየው ራሱ እንዲወስን ማገዝ መርሕ ሆነ። በ2022 የወጣው ሕግ ቁጥር 6 ደግሞ ለመረዳት አለመቸገርን ከራምፕና ከአሳንሰር እኩል የተደራሽነት አካል አደረገው። በ2023 ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ማር ጋልሴራን የቫሌንሲያ ክልል ምክር ቤት አባል ሆኑ። በ2024ም ሕገ መንግሥቱ ራሱ ተነካ፤ ከ1978 ጀምሮ በአንቀጽ 49 ላይ ተጽፎ የኖረው፣ ሰዎቹን «የጎደሉ» የሚል ስሜት ያለው ቃል ወጥቶ «አካል ጉዳተኝነት ያለባቸው ሰዎች» የሚለው ገባ። መብቱ እንዲህ እየሰፋ ሲሄድ የቢሮው ወረቀት በድሮው ቋንቋ ቀረ። የምርጫ ካርድ ይዞ የፓርቲዎቹን ፕሮግራም ማንበብ ያልቻለ ሰው መብቱን የጨበጠው በግማሽ ነው።

ቴክኖሎጂው የተነሣው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። በ2010ዎቹ መጀመሪያ «ሲምፕሌክስት» የተባለ ፕሮጀክት ተቋቋመ። የባርሴሎናው ፖምፔው ፋብራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ከእነርሱም መካከል ኦራሲዮ ሳጂዮን፣ ሰርቪሜዲያ ከተባለው የዜና ወኪል 200 አጫጭር ዜናዎች ወሰዱ። የቀላል አጻጻፍ ባለሙያዎች ዜናዎቹን አንድ በአንድ በእጃቸው አቀለሏቸው። ከዚያ ተመራማሪዎቹ ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አስቀምጠው ሰው ሲያቀልል በእርግጥ ምን እንደሚያደርግ መቁጠር ጀመሩ።

ያገኙት ነገር ጋዜጠኛን ሁሉ ሊያነቃ የሚችል ነው። ዜና ጸሐፊ አንድን ቃል ላለመደጋገም «ገለጹ»፣ «አስታወቁ»፣ «አመለከቱ»፣ «አስገነዘቡ» እያለ ይለዋውጣል፤ የአማርኛ ዜናም ከዚህ ልማድ ነፃ አይደለም። አቅላዮቹ ግን ይህን ሁሉ አንሥተው በአንድ ቃል ተኩት፦ «አለ»። የአገር ስም በቅጽል ሲመጣ፣ «ስፔናዊው መንግሥት» እንደማለት፣ «የስፔን መንግሥት» ወደሚለው መለሱት። እስከ መጨረሻው አሃዝ የተጻፈን ቁጥር «ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ» ወደሚል ግምት አወረዱት። በቅንፍ የገባውን አወጡት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጣሉ። ለዋናው ነገር አያስፈልግም ያሉትን ሐረግና ዓረፍተ ነገር ሳያመነቱ ቆርጠው ጣሉ።

ከእነዚህ ሥራዎች መካከል በ«አለ» መተካትና ቁጥር ማጠጋጋት ለማሽን ይቀላሉ። ረጅሙን ዓረፍተ ነገር መክፈልም፣ ስፓኒሽ አያያዥ ቃላቱን በግልጽ ስለሚያስቀምጥ፣ በአብዛኛው ይሳካል። ምኑ ይጣል፣ ምኑ ይቅር የሚለው ግን የፍርድ ሥራ ነው። ይህ ምን ለማን እንደሚጽፉ ማወቅን ይጠይቃል።

ቃል መተካትም ቢሆን ከሩቅ ሲታይ ብቻ ነው ቀላል የሚመስለው። «ኦኻ» የሚለው የስፓኒሽ ቃል የዛፍ ቅጠልም፣ የወረቀት ሉክም፣ የቢላዋ ስለትም ነው። የፕሮጀክቱ የቃል መተኪያ ሥርዓት፣ «ሌክሲስ» የተባለው፣ በቃሉ ዙሪያ ያሉትን ቃላት አይቶ የትኛው ትርጉም እንደተፈለገ ይገምት ነበር። ዛፍና ነፋስ በአቅራቢያው ካሉ ቅጠል፣ እስክሪብቶና ፊርማ ካሉ ሉክ። ለዜና ይህ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ለደብዳቤ ግን አይበቃም።

ወደ አንቀጽ 68 ስንመለስ፣ ማስጠንቀቂያው የቆመበት ቃል «ዴሲስቲር» ነው፤ የጀመሩትን መተው ማለት ነው። ተራ አንባቢ በቀላሉ የሚያውቀው ጎረቤት ቃል «ሬኑንሲያር» ነው፤ እርሱም መተው፣ መልቀቅ ማለት ነው። በመዝገበ ቃላት ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ማሽን አንዱን በሌላው ቢተካ አይገርምም። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 94 ግን ሁለቱን ለይቶ ነው የሚያያቸው፦ ማመልከቻን መተው አንድ ነገር ነው፣ መብትን መልቀቅ ሌላ። ማመልከቻውን ብቻ የተወ ሰው ጊዜው እስካላለፈ ድረስ ነገ ሌላ ይዞ ይመጣል። «መብትዎን ለቀዋል» የሚል ወረቀት ያነበበ ሰው ግን ቤቱ ይቀመጣል። አንድ ቃል ቀለለ፣ አንድ ሰው የሚገባውን አጣ። ይህን ስህተት የሚያየው ሕጉን የሚያውቅ ሰው ነው፤ የሚጎዳበት ደግሞ ዋናውን ጽሑፍ አንብቦ ማመሳከር የማይችለው ነው። ለዚህ ነው ደብዳቤ የሚያቀል ማሽን ላይ ከሌላው ይልቅ ጥብቅ መሆን የሚገባው።

የዛሬዎቹ ትላልቅ የቋንቋ ሞዴሎች ከሲምፕሌክስት ዘመን መሣሪያዎች እጅግ ይሻላሉ። ስፓኒሻቸው ያማረ ነው፣ ዓረፍተ ነገር ሲከፍሉ አይሰብሩም። አደጋቸውም የሚመጣው ከዚሁ ነው። የድሮው መሣሪያ ሲሳሳት ዓረፍተ ነገሩ ያነክሳል፤ ጾታና ቁጥር ይጋጭበታል፣ አንባቢም «እዚህ ጋ አንድ ነገር ተበላሽቷል» ይላል። አዲሱ ሲሳሳት ቀጥ ብሎ ይራመዳል። «ካልሆነ በቀር» የሚለውን ሁኔታ ይጥልና የቀረውን አሳምሮ ይጽፈዋል፤ ዋናው ላይ ያልነበረ ደግነት ወይም ማስፈራሪያ ይጨምራል። በጽሑፉ ላይ ምንም ጠባሳ አይታይም።

አሊካንቴ ዩኒቨርሲቲ «ክሊር ቴክስት» በተባለው ፕሮጀክቱ በተለይ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ጽሑፍ ለማቅለል ሠርቷል። ፖምፔው ፋብራም «አይዴም» በተባለው የአውሮፓ ፕሮጀክት በስፓኒሽ፣ በካታላንና በጣሊያንኛ የፖለቲካ ውይይትን ለሁሉም ለማቅረብ ይደክማል። እነዚህ ሰዎች ችግሩን በደንብ ያውቁታል፤ የሚያሰጋው መሣሪያውን ገዝቶ የእነርሱን ጥንቃቄ ሳይገዛ የሚቀር ቢሮ ነው።

አንባቢን ማክበር በመሣሪያው አሠራር ውስጥም ሊገባ እንደሚችል የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ አለ። ሉስ ሬዮ ራሷ ዲስሌክሲያ ያለባት ስፔናዊት ተመራማሪ ናት። በ2013 ከባልደረቦቿ ጋር ባወጣችው ጥናት ዲስሌክሲያ ላለባቸው አንባቢዎች ሁለት መንገድ ሞከረች። በአንዱ ማሽኑ ከባዱን ቃል ሳያስፈቅድ በቀላል ቃል ይተካል። በሌላው ቃሉ እንዳለ ይቀመጥና አንባቢው ሲፈልግ ብቻ ተመሳሳይ ቃል ያሳየዋል። አንባቢዎቹ ለማንበብ ቀለለን ያሉት ሁለተኛውን ነበር። ዲስሌክሲያና የአእምሮ እድገት ውስንነት አንድ አይደሉም፤ የአንዱን ውጤት እንዳለ ለሌላው ማዋል አይቻልም። ነገር ግን «ልርዳህ» ብሎ መጠየቅ ሳይጠይቁ ከመቀየር እንደሚሻል መገመት አያስቸግርም። በማድሪድ ካርሎስ ሦስተኛ ዩኒቨርሲቲ በሉርደስ ሞሬኖና በፓሎማ ማርቲኔስ መሪነት የተሠራው «ኢዚየር» በዚህ መንገድ ይሄዳል። ከባዱን ቃል ለይቶ ያሳያል፣ ቀለል ያለ ተመሳሳይ ቃልና ፍቺ ያቀርባል፣ የአራጎን ክልል መንግሥት በነፃ ከሚያሠራጨው «አራሳክ» ከተባለው የሥዕል ክምችትም ሥዕል ያመጣለታል። ዋናው ጽሑፍ የትም አይሄድም።

ኦቲዝም ደግሞ ሌላ ዓይነት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስፔኖች በሰው ላይ መቀለድን «ቶማር ኤል ፔሎ» ይሉታል፤ ቃል በቃል «ጠጉር መውሰድ» ነው። ቃሉን እንደተጻፈው የሚረዳ አንባቢ «አለቃው ጠጉሩን ወሰደበት» ሲባል ምን ሊያስብ እንደሚችል መገመት ነው። አማርኛ አንባቢ «ጆሮ ዳባ ልበስ አለው» የሚለውን ፈሊጥ በሰማው ልክ ቢያምነው ምን ይሆን ነበር? ከ2011 እስከ 2014 የተካሄደው «ፈርስት» የተባለው የአውሮፓ ፕሮጀክት ለእንግሊዝኛ፣ ለስፓኒሽና ለቡልጋሪያኛ የሠራው «ኦፕን ቡክ» የተባለ መሣሪያ እንዲህ ያሉትን እንቅፋቶች ለኦቲስቲክ አንባቢዎች ለማንሣት የታሰበ ነበር።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፣ መነሣትም አለበት። የመንግሥት ጋዜጣ በየቀኑ ይወጣል፤ ክልሎች፣ ማዘጋጃ ቤቶች፣ ሆስፒታሎች፣ ባንኮች ሳያቋርጡ ይጽፋሉ። ይህን ሁሉ በሰው እጅ ማቅለል የሚችል አገር የለም። አረጋጋጭ እስኪያየው ይጠብቅ ማለት ለብዙ ሰው «ምንም አታንብብ» ማለት ነው፤ ጎደሎ ቀላል ጽሑፍ ደግሞ ጭራሽ ካለመኖር ይሻላል። ይህ ክርክር እውነት አለው። የእግር ኳስ ዜና፣ የሙዚየም በራሪ ወረቀት፣ የአውቶቡስ መስመር ለውጥ፣ የከተማ ፌስቲቫል ፕሮግራም በማሽን ቀልሎ ወዲያው ቢወጣ፣ አጠገቡ «ይህን ያቀለለው ማሽን ነው» የሚል መስመር ካለበት፣ ማንንም አይጎዳም። ደስ የሚል ለውጥም ይሆናል።

ቀነ ገደብ ያለበት ደብዳቤ፣ የመድኃኒት አወሳሰድ፣ ውል፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ግን ሌላ ነው። እነዚህ ሦስት ነገር ሳያሟሉ ከቢሮ መውጣት የለባቸውም፦ ዋናው ጽሑፍ አብሮ ይያያዝ፣ ጉዳዩን የሚያውቅ ሠራተኛ ስሙን አስፍሮ ይፈርምበት፣ የደብዳቤው ቅጽ በአረጋጋጮች የታየ ይሁን። እያንዳንዱን ደብዳቤ መመርመር አያስፈልግም። መሥሪያ ቤቶች የሚልኩት በአብዛኛው ያው ቅጽ ነው፤ ስምና ቀን ብቻ ይለዋወጣል። አንድ ቅጽ አንድ ጊዜ በደንብ ቢታይ በሺህ ለሚቆጠሩ ሰዎች ይበቃል። ማሽኑ በየቀኑ ከሚያተርፈው የሥራ ሰዓት ትንሹ ተቀንሶ ለዚህ ቢውል፣ ለአረጋጋጮቹም እንደማንኛውም ባለሙያ ደመወዝ ቢከፈላቸው፣ ሰበብ አይኖርም። በበጎ ፈቃድና በምሳ ግብዣ የሚሠራ ሥራ መሆኑ ማብቃት አለበት።

ሜክሲኮ ውስጥ የሆነው ይህ እንደሚቻል ያሳያል። አስፐርገር ያለበት አንድ ወጣት ራሱ እንዳይወስን የሚያግደው የሞግዚትነት ሕግ ከተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ጋር ይጋጫል ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ2013 ከሰጠው ረጅም ፍርድ ጋር አጭር የቀላል ንባብ ጽሑፍ አያይዞ ሰጠው። ጽሑፉ ወጣቱን «አንተ» እያለ ያናግረዋል፤ ትክክል ነህ ይለዋል፤ በቅርቡ ዳኛ ጠርቶ ስለ ሁኔታህ አስተያየትህን ይጠይቅሃል ይለዋል። ዳኞቹ ይህ መደበኛውን ፍርድ የሚተካ ሳይሆን የሚያሟላው ነው ሲሉም አስረድተዋል። ያን ገጽ የጻፈው ሰው አንባቢውን ያውቀዋል፤ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ይታያል።

ስፔን በ2007፣ ኢትዮጵያ በ2010 ያጸደቁት የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንድ ነው። ስምምነቱ በአንቀጽ 2 ተግባቦትን ሲተረጉም ከብሬይልና ከጎላ ጽሕፈት ጎን ቀላል ቋንቋን ይዘረዝራል። ስለዚህ «ከላይ በተጠቀሰው መሠረት አስፈላጊው ሁሉ እንዲደረግለት እናሳስባለን» የሚለው የአማርኛ ደብዳቤም ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። የስፓኒሹን መሣሪያ አምጥቶ መገልበጥ ግን አይሆንም። ስፓኒሽ እምቢታውን «ኖ» ብሎ ለብቻው ያቆመዋል፤ አማርኛ በግሡ ውስጥ ይሸሽገዋል፣ ግሡንም መጨረሻ ላይ ያስቀምጠዋል። «ይከፈላል» እና «አይከፈልም» ረጅም ዓረፍተ ነገር ተጉዘው የሚለያዩት በመጨረሻው ቃል ነው። ዓረፍተ ነገሩን መሐል ላይ የሚቆርጥ ማሽን የአማርኛን ፍሬ ነገር ይዞ ሊጥለው ይችላል።

አረጋጋጮች ሲሠሩ እንዲህ ነው። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፣ አንድ አስተባባሪ አብሯቸው አለ። «ገባችሁ?» ብሎ አይጠይቃቸውም፤ ሰው ላለማፈር «አዎ» ይላልና። «ይህ መስመር ምን አድርጉ ይላችኋል?» ይላቸዋል። መልሳቸው ከዋናው ሐሳብ ከወጣ የሚታረመው መስመሩ ነው።

የአንቀጽ 68ን ደብዳቤ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ነው። ማሽኑ አቅልሎታል፣ ከ«10 የሥራ ቀናት» ላይ ግን «የሥራ» የሚለውን አላስፈላጊ ቅጽል መስሎት ጥሎታል እንበል። ደብዳቤው የደረሰው ዓርብ ነው። አንባቢው በጣቱ ሲቆጥር አስረኛው ቀን ከቀጣዩ ሳምንት በኋላ ባለው ሰኞ ላይ ያርፋል። የጎደለው ወረቀት እጁ የገባው ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ «ቀኑ አልፏል» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ያስገባዋል። በሕጉ አቆጣጠር ግን፣ መሐል ላይ በዓል ባይኖርም እንኳ፣ የመጨረሻው ቀን የዚያ ሳምንት ዓርብ ነው። ቢሮው ማክሰኞም፣ ረቡዕም፣ ሐሙስም፣ ዓርብም ወረቀቱን ይቀበለው ነበር።